ከሳቢ ወደ ገፊ

ነሐሴ ነው፤ ሻርጃ። ሰናያ ውስጥ ጠዋት
ብሎን እጅ ይልጣል ገና በሦስት ሰዓት።
ኸልፋን ይዞ መጣ ቀይ የጃፓን መኪና፣
ከሱ ዕድሜ የምትበልጥ፣ ሞተሯ ግን ጤና።
«ፍሪሲዮኑ ሳቢ ነው፤ ዕቃው እንዳለ ጠፋ፤
ለውጠህ አድርግልኝ እንደ ሰው የሚገፋ።»

ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቮላኖ እላለሁ እኔ፤
ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ጋሽ አሊጋዝ ጎን ሆኜ
የለመድኩት ስም ነው። ሹኩር የካሊከቱ
ሌላ ስም ይጠራል፤ ግን አንድ ነው ብረቱ።

ሳቢ ክፉ ነው ሲወርድ። ብሎኑ ሁሉ ወልቆ
ካምቢዮው አይመጣም፤ አለ ውስጡ ተጣብቆ።
ለመሳብ መያዝ አለበት፤ በቀጭን ቀለበት
ኩሽኔታው ተቆልፏል ከመጫኛው ሳህን አንገት።
በጠባቧ መስኮት፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣
በካቻቪቴ ጫፍ ካልፈታህ ያን ኪዳን፣
በጉልበት ቢጎትቱት፣ ሰው ቢጨምሩም፣
ይሰበራል እንጂ አይላቀቅም።

ገፊው እንዲህ አይደለም። መንጠቆ የለው፣ ቀለበት፤
ይጠጋል፣ ይነካል፣ የሳህኑን ምላሶች ተጭኖ ይመለሳል ወደ ቤት።
ለመግፋት መተሳሰር አያሻም።
«ለዚህ እኮ ነው የሚረክሰው» አለ ሹኩር፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ «ምን ስቦህ መጣህ?» ብሎ፤
ደመወዝ እላለሁ፤ ይሄዳል እሷኑ ተቀብሎ።
ያባቴን መሬት አጎቴ ሲያርሰው፣ ምስክር አፍሮ ሲቀር፣
የገፋኝን ሰው ስም ጠርቼ አላውቅም በዚህ አገር።

ማታ እህቴ ሰዓዳ በስልክ ድምጿን ትልካለች፤
«ናልኝ» ብላ አታውቅም፤ ጣራው አፈሰሰ ትላለች፣
ጥጃዋ አልጠባ አለች፣ ጎረቤት ሰደበኝ፤
ያኔ አንድ ቀጭን ነገር ቀጭ ብሎ አንገቴ ሥር ያዘኝ።

በማግሥቱ ገጠምን፤ ሹካውም ሳህኑም አዲስ።
ረገጥኩት ፔዳሉን፤
ማርሹ ጥርሱን አፋጨ፣ ጅብ አጥንት ላይ እንደሚደርስ።
አልለቀቀም ፍሪሲዮኑ! ካምቢዮውን ደግመን አወረድን፤
ላብ ዓይናችን ሲገባ በየቋንቋችን ተሳደብን።
ከዚያ ሹኩር ዝም አለ። ሹካው የሚዞርባትን ኳስ
በአውራ ጣቱ ለካና፣ በጉንጩ ትንፋሽ ይዞ ሲመለስ፦
«አቅጣጫ የሚለውጥ ሹካው መሰለህ ይመር?
የቆመባት ነጥብ ናት።»
አንዲት ሮንዴላ ከኪሱ አውጥቶ ከሥሯ አረገ ጨመር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ኸልፋን መጣ፤ ገባ፣ ረገጠ፣
እስከ አደባባዩ ነዳት፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማርሽ ለወጠ፣
ተመልሶ መስኮት ዝቅ አርጎ፣
«ያው ነው» አለኝ፤ «ምንም አልተለወጠ።»

እውነቱን ነው። እግር ምንጊዜም ይገፋል።
ከወለሉ በታች መሳብ ይሁን መግፋት
ጫማ ምን ያውቃል። የኛ ሥራ ይሄው ነው፣
ሦስት ቀን ሙሉ፣ እንዳይታወቅ መልፋት።
ሹኩር ተቆጣ፤ በማላያላም የሆነ ነገር አለ።
እኔ ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት፣ ከነገንዘቡ።

አሮጌው ሹካ ቀረ። ሊሸጡት ነበር በኪሎ፤
ነጠቅኋቸው። ሌሊት ሸማል ሲነሳ፣ አሸዋ አዝሎ፣
በጋራዡ በር ሥር ሻጥ አድርጌው እተኛለሁ።
ነፋሱ ይገፋል፤
ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤
እሱ በለመደው እጁ ይይዛል።